የፍሪጄ አሸናፊ

ፍሪጄን በጨረታ ያሸነፈው ሰውዬ ደስታውን ሲገልጽልኝ ሰነበተና፣ ፍሪጁ ደጁ በደረሰ ማግስት ስልኩን አጠፋ። ያሸነፈ ሰው ሲሸሽ ያየሁት ያኔ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ እጽፋለሁ። ማመልከቻው ወደ መዝገብ ቤት ይመራል፤ መዝገብ ቤቱ እኔ ስለሆንኩ ራሴው ተቀብዬ፣ ራሴው ቁጥር ሰጥቼ፣ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ከእኔ ሌላ የነካው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ዓመት ግን፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያላወቅሁት ደግ ሰው ሌላ ነገር ሲፈልግ ፋይሉን ሳይከፍተው አልቀረም፤ አሰላ ተመደብኩ።

አሰላ ጠዋት ጠዋት ውሃው እጅ የሚቆርጥበት አገር ነው። እዚያ ፍሪጅ ጭኖ መሄድ ወደ ሰመራ ብርድ ልብስ ይዞ እንደ መምጣት ነው። ያንን ስህተት ደግሞ አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ እናቴ በግድ ያስያዘችኝ ወፍራም ብርድ ልብስ ከአልጋ ሥር ሳይወጣ አሥራ አንዱንም ዓመት ከእኔ ጋር አገሩን አገልግሏል። ስለዚህ ፍሪጁ መሸጥ ነበረበት።

ፍሪጁ ከጅቡቲ በገላፊ በኩል የገባ ነው። ቀረጡን በምን ዓይነት መንገድ እንዳለፈ የሸጠልኝን ሰው አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም፤ ተከባብረን ነው የተገበያየነው። ሰመራ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ነው የሚመስለው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያለው ሰው በሰፈሩ ከሹም እኩል ይከበራል። በግቢያችን ፍሪጅ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዴት እንደተከበርኩ ባልናገር ይሻላል።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ የወሎ ሰው ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባሏ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እሷ ደግሞ እሱ የሚያመጣላትን ሽርጥና ጨርቅ ቤቷ ውስጥ ትሸጣለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት፤ ፍሪጁ ግን የሁለታችንም ነበር። ሥርዓትም ነበረው፤ ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የላይኛው መደርደሪያ የእሷ ሥጋ፣ የታችኛው የእኔ። እሷ ለምን ከላይ ሆነች ቢባል፣ ደም ቢንጠባጠብ እንኳ የእሷ ወደ እኔ ይወርዳል እንጂ የእኔ ወደ እሷ አይወጣም፤ ጉዳቱን እኔ ልቻለው ብዬ ነው። በዚህ ብልኃቴ እንዴት እኮራ እንደነበር! ስለ መቻቻል ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጄን አውጥቼ የፍሪጄን መደርደሪያዎች እተርካለሁ፤ ሰብሳቢዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ቃለ ጉባኤ ላይ ያስጽፉታል። እትዬ አንድ ጊዜ የራሷን ትንሽ ፍሪጅ ልትገዛ አስባ "ምነው፣ ተጣላን እንዴ?" ብዬ አስቀርቻታለሁ።

ፍሪጁን ልሸጥ ስል የሥራ ባልደረባዬ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። ከአዋሽ እስከ ገላፊ ድረስ የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ ያገለገለ ጎማ፣ አልጋ፣ ፍየል፣ የውሃ ሮቶ፣ አንዴ ደግሞ ግማሽ ባጃጅ አይቻለሁ። ሙቀቱ በረደ በሚባልበት ሰዓት፣ አመሻሹ ላይ፣ አድሚኑ ጨረታ ይከፍታል። አድሚኑን በአካል ያየው የለም፤ ፎቶው አንበሳ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ያሸነፈ ይረከባል፣ አሸንፎ ያፈገፈገ ይባረራል፣ እንከን ደብቆ የሸጠም ይባረራል።

እኔም እንደ ሙያዬ ጻፍኩ። "በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ ባለ ሁለት መደርደሪያ ፍሪጅ፣ ብዛት አንድ።" በሩ ላይ የነበረውን የእመቤታችንን ሥዕል በክብር ነቅዬ ከነጠላዬ ጋር አስቀመጥኩና ፎቶ አነሣሁ። ጨረታው ሲከፈት አንድ የሎጊያ ሰው፣ አንድ የሚሌ ሰው፣ አንድ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰው፣ እንዲሁም ምንም ዋጋ ሳይጠራ በየመሀሉ "ውድ ነው" እያለ የሚጽፍ አንድ ሥራ ፈት ገቡበት። የአዋሹ ሰውዬ ሌሎቹ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨምሩ እሱ ያለ ርኅራኄ ይጨምራል። አንበሳው "ተዘግቷል" አለና ለአዋሹ ሰው የዋንጫ ምስል ለጠፈለት።

ወዲያው የድምፅ መልእክት መጣልኝ። "ማሻአላህ፣ እህቴ፣ ፎቶው ራሱ ያቀዘቅዛል" ይላል። አውቶቡስ ለምሳ በሚቆምበት አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ሊከፍት እንደሆነ፣ ወንበሩም ድስቱም ተሟልቶ የጎደለው ፍሪጅ ብቻ እንደነበር ነገረኝ። በማግስቱ ደወለ፤ በሠልስቱም ደወለ። ፍሪጁ እንዴት አደረ ብሎ የጠየቀኝ ቀን አለ። ይህን ያህል የሚወደድ ነገር ወጥ ቤቴ ውስጥ ገትሬ ስኖር ምንም አለማወቄ ቆጨኝ።

ሎጊያ ላይ ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ላከና፣ ፍሪጁን በፍራሽ ጠቅልለን፣ ቆሞ እንዲሄድ አስረን ጫንነው። ክፍያው ፍሪጁ ደርሶ፣ ተሰክቶ፣ ሲያቀዘቅዝ ከታየ በኋላ ነው ተባባልን። በማግስቱ ጠዋት ሲደውል ፍሪጁ ገና አልተሰካም፤ የሰውየው ድምፅ ግን ቀዝቅዟል።

"እህቴ፣ አፉ በይኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "በሩ ላይ ምን ተለጥፎ ነበር?"

ሥዕሉን ነቀልኩ እንጂ ቦታውን ልነቅለው አልችልም። ከዕድሜ ብዛት ቢጫ በሆነ በር መሀል ላይ የሥዕሉን መጠን የሚያህል ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል።

"የእመቤታችን ሥዕል" አልኩት።

"ደግ። ሥጋም ታስቀምጪበት ነበር?"

"ፍሪጅ ነው እኮ፣ ወንድሜ። መጽሐፍ ላስቀምጥበት?"

"የማን ሥጋ?" አለ።

ይህ ጥያቄ እንግዳ የሚሆንበት ሰው ካለ ላስረዳ። እኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን። ሽሮው፣ ዳቦው፣ ዓሣው፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ የጋራ ነው፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ወደየትሪያችን እንሄዳለን። እኔ ራሴ የሙስሊም ሥጋ ቀምሼ አላውቅም። የእኔ ግን ሥርዓት ነው፣ የሰውየው ንቀት ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር።

"የእኔም፣ የሙስሊም ጎረቤቴም" አልኩት ደረቴን ነፍቼ። "አሥራ አንድ ዓመት አብረን ነው ያስቀመጥነው።"

"አሃ" አለ። "ኢንሻአላህ መልሼ እደውልልሻለሁ።"

ስልኩ የጠፋው ከዚያ ወዲያ ነው። ጠዋት ስደውል ዝግ ነው፤ ማታም ዝግ ነው። በጽሑፍ "ወንድሜ፣ በደኅና ነው?" ብዬ ላክሁ። "ወንድሜ፣ ፍሪጁስ በደኅና ነው?" ብዬም ላክሁ። መልስ የለም።

በጣም ተናደድኩ። ሰው ዕቃ ሳይወድ ሲቀር "አልወደድኩትም" ብሎ ይመልሳል፤ ይሄኛው ግን ፍሪጄን አረከሰው። ደግሞ እስኪ ይታሰብ፤ የእኔ ፍሪጅ ለእሱ ገና ላልተከፈተ ምግብ ቤት ካልሆነ፣ እትዬ ያን ሁሉ ዘመን ሥጋዋን ከምን ውስጥ እያወጣች ነው የበላችው? ሰውየው ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሰደበው። ለእኔ ብዬ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ለእሷ ክብር ስል ግሩፑ ላይ ከሰስኩት።

ግሩፑ በአንድ ምሽት ሸንጎ ሆነ። ግማሹ ለእሱ ፈረደ፣ ግማሹ ለእኔ፤ ያ ሥራ ፈት ደግሞ "ውድ ነው ብዬ ነበር" ብሎ ጻፈ። ለእኔ የተዘጋው ስልክ ለአንበሳው ክፍት ኖሮ፣ ሰውየው ለብቻው መልሱን ልኮለታል። አንበሳውም ፍርዱን በጽሑፍ አወጣ፤ "ገዢው እንከን ተደብቆብኛል ይላል። ሻጯ ሙስሊም ጎረቤቴ ተጠቅማበታለች ትላለች። ጎረቤቷ ትመስክር። እውነት ከሆነ ገዢው ይባረራል፤ ካልሆነ ሻጯ ትባረራለች፣ ዕቃዋንም በራሷ ወጪ ትመልሳለች።" እንዲህ ዓይነት ጥርት ያለ ውሳኔ በመዝገብ ቤት ዘመኔ በእጄ አልፎ አያውቅም።

ደስ ብሎኝ ወደ እትዬ ቤት ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ሽርጥ እያጣጠፈች ነበር፤ ማጣጠፉን አቆመች።

"ተይው፣ እታለም" አለችኝ። "አላህ ሌላ ገዢ ይሰጥሻል።"

"ገዢውን ተይው፣ እትዬ። ስድቡ ነው። ይቺን ታህል ድምፅ ቅጂልኝ፤ ሥጋዬን አስቀምጬ እበላ ነበር በይ፣ በቃ።"

"እሺ፣ ነገ" አለች።

ነገ ራሷን አሟት ዋለች። ከዚያ ባሏን ገላፊ ላይ ጉምሩክ አቁሞት ሐሳብ ገባት። ከዚያ የዙሁር ሶላት ደረሰባት፤ ከዚያ የዐስር። ስልኬን ይዤ በሯ ላይ ስቆም "ግቢ፣ ሻይ ልቅዳልሽ" ትላለች፤ ሻዩን ጠጥቼ እወጣለሁ። ሰውየው እንዳይባረር አዝናለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ የልቧን ደግነት አደነቅኩ። የምሄድበት ቀን ደግሞ እየቀረበ ነበር፤ ንብረት አስረክቤ ክሊራንሴን እየጨረስኩ ነው። ስለዚህ አንድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ ራሴ አዋሽ ሄድኩ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የማይቆም መኪና የለም። ሾፌሩ ይበላል፣ ተሳፋሪው እግሩን ያፍታታል፣ ሻጩ መስኮት ያንኳኳል። ምግብ ቤቱን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ በረንዳው ላይ በአልጋ ልብስ የተሸፈነ ፍሪጅ የቆመበት ሌላ ቤት አልነበረም። እግሮቹ ሥር ጠጠር ተደርጎለታል፣ ጥላ ውስጥ ነው፣ ማንም አልነካውም። ሶኬቱ ደግሞ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት ቦታ ነበር።

ሰውየው ሲያየኝ ማን እንደሆንኩ ወዲያው ገባው። አርባ ዓመት ግድም የሆነው፣ ጢሙ ሳሳ ያለ፣ ትሑት ሰው ነው። እንደ ሌባ ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበር አወጣልኝ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ፣ ሻይ አስቀዳልኝ። ለጠብ የመጣ ሰው ሻይ ሲቀርብለት እጁን የት እንደሚያደርገው ይቸግረዋል። ጠጣሁት።

"ስልክህ ተዘጋ" አልኩት።

"ቻርጅ አልቆ ነው፣ እህቴ።"

"ይህን ሁሉ ቀን?"

"መብራትም ጠፍቶ ነበር።"

ቬንትሌተሩን አየሁት። እሱም አየው።

"እውነቱን ልንገርሽ?" አለኝ ከዚያ፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና። "እምቢ ማለት አፍሬ ነው። ፎቶውን አይቼ ቸኮልኩ፤ ማን ነበር የተጠቀመበት ብዬ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ የሚበላው ሾፌር ሁሉ የምግቡን ነገር ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ? አንቺን ደግሞ 'የአንቺ ዕቃ አይሆነኝም' ብዬ በስልክ ልናገርሽ? አፌ እምቢ አለኝ።"

"ስለዚህ ጠፋህ።"

"ጠፋሁ" አለ፤ ምንም ሳይከራከር።

ከዚህ ሰው ጋር መጣላት እንዴት አድካሚ ነበር። በመጨረሻ ራሱ ነው መላ ያመጣው። ጎረቤቴ አለች ብለሻል፣ አለኝ፤ አንድ ሙስሊም ሥጋውን እዚህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ፣ አውጥቶ፣ በልቶ ከሆነ ለእኔም ይበቃኛል። ወላሂ ትበለኝ፤ አሁኑኑ እሰካዋለሁ፣ አሁኑኑ እከፍልሻለሁ፣ ግሩፑም ላይ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። እትዬ ጋ ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"እትዬ፣ አዋሽ ነኝ። ሰውየው አጠገቤ ነው። እስኪ ንገሪው።"

"አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ" አለ እሱ ቀድሞ።

"ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ" አለች።

"አፉ ይበሉኝ፣ ላስቸግርዎ ነው። በእህቴ ፍሪጅ ይጠቀሙ ነበር?"

"እንዴታ። ውሃዋን ጠጥቻለሁ፣ ወላሂ። ወተቴን አስቀምጫለሁ፣ ወላሂ። እንደ እሷ ያለ ጎረቤት አላህ ለሁሉም ይስጠው።"

ሰውየውን ቀና ብዬ አየሁት። ይሄ ገና መጀመሪያው ነው የሚል አስተያየት ነበር።

"ሥጋስ፣ እናቴ?"

"ሥጋም አስቀምጫለሁ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ እግሬን አነባበርኩ። የቀረኝ ሰውየው ሶኬቱን ሲሰካ ማየት ብቻ ነው።

"አውጥተውም በልተውታል?" አለ።

ከስልኩ ውስጥ የሰመራ ነፋስ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ይሰማል። ኔትወርኩ መስሎኝ "እትዬ?" አልኩ። ትተነፍሳለች።

"ልጄ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። "በእሷ ፊት አታስምለኝ።"

ሰውየው እጁን ሰደደና ስልኩን ዘጋው። "ኔትወርክ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ አዙሮ። "እዚህ አካባቢ እንዲህ ያደርገዋል።"

ሲዘጋው አይቻለሁ። ማየቴንም አይቷል። ሁለታችንም ግን ኔትወርኩን ትንሽ አማነው።

ከዚያ ተነሣና የአልጋ ልብሱን ከፍሪጁ ላይ ገፈፈ። "እሰካዋለሁ፣ እህቴ" አለኝ። "አሸንፌበታለሁ እኮ። እናጥበዋለን፤ ፍሪጅ ነው፣ ምን ይሆናል።" ገመዱን ይዞ ሶኬቱን መፈለግ ጀመረ፤ ያ በደንብ የሚያውቀው ሶኬት ጠፋው። ስልክ አጥፍቶ የጠፋብኝ ሰውዬ አሁን ፊቴን አይቶ አዝኖልኝ ሊገዛ ነው። በሕይወቴ ያፈርኩባቸው ቀናት አሉ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

"ተው" አልኩት። "አልሸጥልህም።"

"በእኔ ተቀይመሽ ከሆነ..."

"አልተቀየምኩም። አፈግፍጌያለሁ።"

ከመንገዱ ማዶ በሩ ላይ መስቀል የተሳለበት ሥጋ ቤት ነበር። ሰውየው ራሱ ተሻግሮ ባለቤቱን አመጣው፤ ስለ እኔ ሆኖም በዋጋው ተከራከረልኝ፣ ፍሪጁንም ከአስተናጋጆቹ ጋር ተሸክሞ አሻገረው። ከውጭ በኩል ለመያዝ ችግር እንደሌለው በዚያው ተረዳሁ። ለአንበሳው "ያፈገፈግኩት እኔ ነኝ፣ ገዢው ትክክል ነው" ብዬ ጻፍኩ። አውቶቡሱ አዋሽን ሳይለቅ ከግሩፑ ተባረርኩ።

ሰመራ ስደርስ እትዬ ሽርጦቿን ገና አላስገባችም። በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የተናደድኩ መስሏት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ምን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? የመጀመሪያው አረፋ ላይ ሥጋውን ከእጄ ቀማሽኝ። በዚህ ሙቀት ልታገሚው ነው ብለሽ ሮጠሽ አስገባሽው። ፊትሽ እንዴት በርቶ እንደነበር አላየሽውም እንጂ። ያን ፊት ምን ልበለው?"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላማ ለመድሽ።"

ሥጋውን ምን ታደርገው እንደነበር ጠየቅኋት። ለግቢያችን ጥበቃ እሰጠው ነበር አለችኝ። "ጴንጤ ነው፣ የማንንም ይበላል፤ አላህ ይባርከው። ለእኛ ደግሞ ለዕለት የሚሆን ትንሽ ትንሽ አስገዛለሁ፤ አንቺ ቢሮ ስትገቢ እሠራዋለሁ።" ጥበቃው ያን ያህል ዓመት ለምን ለእኔ ከሌላው ተከራይ ሁሉ በላይ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ እንደሚሰጠኝ በዚሁ ተገለጠልኝ። እኔ እንኳ ጠባዬ መስሎኝ ነበር።

ልስቅም ላለቅስም ፈልጌ አንዱም አልመጣልኝም። "አንድ የማላውቀው የአዋሽ ሰው እንኳ አይሆነኝም ብሎ ነገረኝ" አልኳት። "አንቺ እንዴት አሥራ አንድ ዓመት?"

"እሱ ፍሪጅ ነው የፈለገ" አለች፣ ሽርጧን እያነሣች። "እኔ ጎረቤት ነው የፈለግሁ።"

ከሰመራ በወጣሁበት ዋዜማ ራት ቤቷ ጠራችኝ። ባሏ ከጅቡቲ ተመልሶ ነበር፤ ደጅ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። "ዛሬ በእኔ ምክንያት የሚደበቅ ነገር የለም" አልኳት፤ "ሥጋሽን ሥሪ፣ ለእኔ ሽሮዬን አቅርቢልኝ።" ትንሽ አመነታችና ሠራችው። ሁለት ትሪ ጎን ለጎን ቀረበ፤ በአንዱ የእኔ ሽሮ፣ በአንዱ የእነሱ ጥብስ። ቢስሚላህ አለች፣ እኔም አማተብኩ።

መጀመሪያ እያፈረች ትንሽ ትንሽ ትቆርስ ነበር። በኋላ ረሳችኝ። አጥንቱን በሁለት እጇ ይዛ ጋጠችው፣ መቅኔውን ትሪው ላይ አንኳኩታ አወጣችው፣ ጣቷን ላሰች፣ የባሏንም ድርሻ ሳትጠይቀው ወሰደችበት። ጎረቤቴ ሥጋ እንዲህ እንደምትወድ አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ሽሮ ነው የበላችው።